የነርቭ ሕዋስ ሥዕልና የዋልታዊነት ጂኖች፤ ሒሳዊ ግምገማ

በሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ትምህርት ከሚሣሉት ሥዕሎች ሁሉ እንደ ነርቭ ሕዋስ ሥዕል የጸና የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ በኩል ቅርንጫፎቹን የዘረጋ ክብ አካል፣ በሌላው በኩል አንድ ረጅም ጭራ፣ በመካከሉም ኑክሊየስን የምታመለክት ነጥብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣላሉ፤ ቀስቶች ይጨመራሉ፤ ተማሪውም የክፍሎቹን ስም ይገለብጣል። አጫጭሮቹ ቅርንጫፎች ዴንድራይት፣ ረጅሙ ክር አክሶን ይባላል፤ መልእክት በዴንድራይቶች ይገባል፣ በአክሶን ይወጣል። በፈተናም የሚጠየቀው ይኸው ነው። ሥዕሉ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ጉድለቱ ሕዋሱን ከመጀመሪያው እንዲህ ሆኖ የተገኘ ማስመሰሉ ነው። ክብ የነበረ ሕዋስ ከብዙ ተመሳሳይ ቡቃያዎቹ መካከል አንዱን ብቻ ለይቶ አክሶን የሚያደርገው እንዴት ነው? ሥዕሉ ይህን አይጠይቅም፤ ተማሪውንም ለጥያቄው አይጋብዝም።

ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ከተገኙት መልሶች ውስጥ ዋነኛውን ስፍራ የያዙት የሕዋስ ዋልታዊነት ጂኖች የሚባሉት ናቸው። ዋልታዊነት በዚህ አገባቡ የአንድ ሕዋስ ሁለት ወገኖች በቅርጽም፣ በተከማቸባቸው ፕሮቲንም፣ በሥራም መለያየት ነው። የአንጀት ግድግዳ ሕዋስ ምግብ ወደሚያልፍበት ስፍራ የዞረው ወገኑና ወደ ደም ሥሮቹ የዞረው ወገኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። የነርቭ ሕዋስ ደግሞ የዚህ መለያየት እጅግ የጎላ ምሳሌ ነው። ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ እግር ጡንቻ የሚደርሰው አክሶን በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ሲችል፣ የዚያው ሕዋስ ዴንድራይቶች ግን የሚለኩት በሚሊሜትር ነው።

ስለ እነዚህ ጂኖች የሚነገረው ነገር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ማስተማሪያ ጽሑፎች ሲገባ ግን አንድ የሚያሳስብ ለውጥ ይደርስበታል። «ይህ ጂን ሕዋሱ አክሶን እንዲያበቅል ያዝዛል»፣ «ያኛው ጂን የአንጎልን ቅርጽ ይወስናል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይበዛሉ። በዚህ ዓይነት የድሮው ሥዕል ጉድለት ሳይቃና ወደ ጂኑ ይዛወራል። ቀድሞ ሕዋሱ ተጠናቅቆ የተገኘ ይመስል ነበር፤ አሁን ደግሞ ተጠናቅቆ የተገኘ የሚመስለው በጂኑ ውስጥ የተጻፈው ትእዛዝ ነው። የዚህ ግምገማ ዓላማ የምርምሩን ሂደት መርምሮ፣ ማስረጃው እንዲህ ያለውን አነጋገር ምን ያህል እንደሚደግፍ ማየት ነው።

የነርቭ ሕዋስ የመግቢያና የመውጫ ወገን እንዳለው በግልጽ ያስተማረው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ይህ ሰው መልእክት በሕዋሱ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል የሚለውን ሕግ ያቀረበው ከዚያ በፊት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነበር። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ሥዕል በመሠረቱ የእርሱ ውርስ ነው። ካሃል የሚመለከተው ሞቶ የቀለመ ሕዋስን ስለ ነበረ፣ የሕያው ሕዋስ ለውጥ ከሰዓት ወደ ሰዓት ሊታየው አይችልም ነበር። ለዚህ እርሱን መንቀፍ አይገባም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በዚያው ላይ የቆመውን ትምህርት ግን መንቀፍ ይገባል።

በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ተለያዩ እንስሳት የተጻፉ ሁለት የምርምር ውጤቶች ታተሙ። የመጀመሪያው ኬኔት ኬምፊውስና ባልደረቦቹ አንድ ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ባላት ሲ. ኤሌጋንስ በምትባል ትል ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። የዚህች ትል እንቁላል ከዳበረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈል ሁለቱ ሴት ልጅ ሕዋሳት እኩል አይሆኑም፤ የፊተኛው ትልቅ፣ የኋለኛው ትንሽ ይሆናል፤ ዕድላቸውም የተለያየ ነው። ኬምፊውስና ጓደኞቹ አንዳንድ ጂኖች ሲበላሹ ይህ የእኩልነት መጓደል እንደሚጠፋ ተመለከቱ። ለጂኖቹም ክፍፍል ተበላሸ የሚል ሐሳብ ያለውን «ፓር» የሚል ስም ሰጧቸው፤ በተከታታይም ከፓር 1 እስከ ፓር 6 ተቆጠሩ። እዚህ ላይ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ጂኖች ብዙውን ጊዜ የሚሰየሙት ሲጎድሉ በሚታየው ብልሽት እንጂ ደኅና ሳሉ በሚሠሩት ሥራ አይደለም። ስለዚህ ስሙን የሰማ ሰው የጂኑን ሥራ ያወቀ ሲመስለው፣ ያወቀው ግን የጉድለቱን ምልክት ብቻ ነው።

እነዚህ ጂኖች የሚያስገኟቸው ፕሮቲኖች አሠራር በኋላ ሲገለጥ ነገሩ ከትእዛዝ ይልቅ ክርክርን የሚመስል ሆነ። ፓር 3፣ ፓር 6ና ኤ.ፒ.ኬ.ሲ. የሚባለው ኤንዛይም በሕዋሱ የፊት ወገን፣ ፓር 1ና ፓር 2 በኋላው ወገን ይሰፍራሉ። የፊተኞቹ የኋለኞቹን ከግዛታቸው ያባርራሉ፤ የኋለኞቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። በአንድ ማሳ ላይ ወዲያና ወዲህ ሆነው ድንበር የሚገፋፉ ሁለት ጎረቤቶችን ማሰብ ይቻላል፤ ድንበሩ የሚጸናው አንዱ ብቻውን ስለ ወሰነው ሳይሆን ሁለቱ በመገፋፋት ስለሚመዛዘኑ ነው። መገፋፋቱ ከየት እንዲጀምር የሚያመለክተው ደግሞ የወንዱ ዘር ወደ እንቁላሉ የገባበት ወገን ነው፤ ይህም በጂኖቹ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም።

ሁለተኛው የ1988 ውጤት የካርሎስ ዶቲ፣ የሱሊቫንና የጋሪ ባንከር ሥራ ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ሂፖካምፐስ ከሚባለው፣ ከትዝታ ጋር የተያያዘ ሥራ ካለው የአንጎል ክፍል፣ ገና ካልተወለዱ አይጦች ሕዋሳትን ወስደው በመስታወት ላይ አሳደጉ። እያንዳንዱን ሕዋስ እየተከታተሉ በአጉሊ መነጽር ተመለከቱት። ያዩትም በአምስት ደረጃ ሊነገር የሚችል ታሪክ ነው። ሕዋሱ በመጀመሪያ ክብ ሆኖ ይቀመጥና ዙሪያውን ስስ ሽፋን ያወጣል። ከግማሽ ቀን ገደማ በኋላ በርከት ያሉ አጫጭር ቡቃያዎች ያበቅላል፤ እነዚህ ጥቂት ረዘም፣ ጥቂት አጠር እያሉ ይቆያሉ፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ይህኛው አክሶን ይሆናል ማለት አይቻልም። ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ ግን ከቡቃያዎቹ አንዱ በድንገት ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ማደግ ይጀምራል። አክሶን የሚሆነው እርሱ ነው። የቀሩት ዴንድራይት ለመሆን የሚነሡት ቀናት ካለፉ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን አካባቢ ነው፤ አምስተኛው ደረጃ የመብሰል ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለትምህርት የሚበጀው ዶቲና ባንከር አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1987 እ.ኤ.አ.፣ ያሳተሙት ሙከራ ነው። ማደግ የጀመረውን አክሶን ከሥሩ አጠገብ ቆረጡት። አክሶንነት አስቀድሞ ለዚያ ቡቃያ የተሰጠ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ሕዋሱ ወይ ያንኑ እንደ ገና ባሳደገ፣ ወይ ያለ አክሶን በቀረ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ዴንድራይት ይሆን የነበረ ሌላ ቡቃያ ተነሥቶ አክሶን ሆነ። ከዚያም በ1989 ጎስሊንና ባንከር ነገሩን በልኬት አጠበቁት። ከቡቃያዎቹ አንዱ ሌሎቹን በ10 ማይክሮሜትር ያህል፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ በሚሆን ርዝመት፣ ሲበልጥ አክሶን የሚሆነው እርሱ ነው። በቡቃያዎቹ መካከል ውድድር አለ፤ ያሸነፈው አክሶን ይሆናል፤ አሸናፊው ሲወገድ ሌላው ዕድል ያገኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍራንክ ብራድከና ዶቲ የአንድን ቡቃያ ጫፍ ብቻ የውስጥ ክሮቹን በሚያላላ መድኃኒት ነክተው፣ ያ የተነካው ቡቃያ አክሶን እንደሚሆን አሳዩ። ጂኑ በሁሉም ቡቃያ ዘንድ አንድ ነው፤ የተለወጠው የጫፉ ሁኔታ ብቻ ነው።

የአይጥ ሕዋሱና የትሏ ታሪክ የተገናኙት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሶንግ ሃይ ሺ፣ ሊሊ ጃንና ዩ ነንግ ጃን የፓር 3ና የፓር 6 ፕሮቲኖች በሚያድገው አክሶን ጫፍ ተከማችተው እንደሚገኙ፣ አሠራራቸው ሲታወክም አንዱ ቡቃያ ከሌሎቹ የመለየቱ ሥርዓት እንደሚፋለስ አሳዩ። ውጤቱ በእውነት የሚያስደስት ነበር። በትል እንቁላል ውስጥ ፊትንና ኋላን የሚለየው መሣሪያ በአጥቢ እንስሳ አንጎል ውስጥ አክሶንን ከዴንድራይት ይለያል የሚለው ሐሳብ ውበት አለው። ታዲያ ውብ ሐሳብ ሲገኝ ጥርጣሬ ይተኛል። «የዋልታዊነት ጂኖች አክሶንን ይወስናሉ» የሚለው አባባል ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2004፣ ሜሊሳ ሮልስና ክሪስ ዶ ይህንኑ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ መረመሩት። በዝንቧ አንጎል ውስጥ ባሉ ሕዋሳት እነዚያኑ ሦስት ጂኖች፣ ማለትም የፓር 3፣ የፓር 6ና የኤ.ፒ.ኬ.ሲ. አቻዎችን፣ አሳጧቸው። ሕዋሳቱ ግን አክሶናቸውንም ዴንድራይታቸውንም አበቀሉ። በማስተማሪያ ጽሑፎችና ለሕዝብ በሚቀርቡ መግለጫዎች ይህ ሥራ ከ2003ቱ ጎን ለጎን ሲጠቀስ እምብዛም አይታይም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሁለቱ ውጤቶች አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ እንስሳቱም፣ የሙከራው መንገድም ይለያያሉ። ነገር ግን አንዱን ብቻ የሰማ ተማሪ ሳይንስን እንደ አዋጅ ሲሰማው፣ ሁለቱን የሰማ ተማሪ ሳይንስ እንዴት እንደሚከራከር ያያል።

በአጥቢዎች ዘንድ ጠንከር ያለ ማስረጃ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የጆሹዋ ሳንስ ቡድን የፓር 1 ዘመድ የሆኑትን ሳድ ኤ እና ሳድ ቢ የተባሉ ኤንዛይሞች ከአይጦች አስወገደ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲጎድል እንስሳቱ ይኖራሉ። ሁለቱም ሲጎድሉ ከተወለዱ በኋላ ወዲያው ይሞታሉ፤ በአንጎላቸውም ያሉት ክሮች አክሶን ናቸው ወይስ ዴንድራይት ተብለው ለመለየት ያስቸግራሉ። በ2007 ደግሞ የፍራንክ ፖሉና የሙሚንግ ፑ ቡድኖች በየበኩላቸው ኤል.ኬ.ቢ. 1 የሚባለውን፣ በትሏ ፓር 4 ከሚባለው ጋር የሚመሳሰለውን ጂን አጠኑ። ይህ ጂን ከአንጎል ቅርፊት ሲወገድ አብዛኞቹ ሕዋሳት አክሶን አያወጡም። ሕዋሳቱ ግን ወደ ቦታቸው ከመጓዝና ዴንድራይት ከማውጣት አልተገቱም። ኤል.ኬ.ቢ. 1 ሳድ ኤንዛይሞችን እንደሚያነቃቃም በዚሁ ጊዜ ታወቀ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ይኸው ጂን አክሶኑ ከወጣ በኋላም ሥራ እንዳለው አሳየ፤ ኑዋክ 1 በሚባል ሌላ ኤንዛይም አማካይነት ሚቶኮንድሪያዎች በአክሶኑ ውስጥ በተገቢው ስፍራ እንዲቆሙ በማድረግ ቅርንጫፎቹን ያበዛል።

እነዚህን ውጤቶች በሚገባ ያነበበ ሰው «ያስፈልጋል» የሚለውንና «ይወስናል» የሚለውን ቃል ለይቶ ማየት ይኖርበታል። የመኪና ካንዴላ ቢወልቅ ሞተሩ አይነሣም፤ ከዚህ ተነሥቶ ግን መኪናውን ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ካንዴላው ነው የሚል የለም። ኤል.ኬ.ቢ. 1 ሲጎድል አክሶን አለመብቀሉ ጂኑ ማስፈለጉን ያስረዳል። ከአምስት ቡቃያዎች የትኛው አክሶን እንደሚሆን ግን አያስረዳም፤ ጂኑ ለአምስቱም የጋራ ነውና። አንዱን ቡቃያ ከሌሎቹ የሚለየው ያ ፕሮቲን በዚያ ጫፍ ላይ በበለጠ መንቃቱ ነው፤ እዚያ ጫፍ ላይ እንዲነቃ ያደረገው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅም ክርክሩ ወደ ሕዋሱ ውጪ ይወጣል።

እዚህ ላይ የመስታወቱ ሙከራ ወሰን ይገለጣል። በመስታወት ላይ ያለች ሕዋስ ብቻዋን ናት፤ በዙሪያዋ ሁሉ አንድ ዓይነት ወለል አለ፤ ስለዚህ አሸናፊው ቡቃያ በአጋጣሚ የተለየ ይመስላል። በሕያው አንጎል ግን ሕዋሱ ከተወለደበት ከውስጠኛው ክፍል ወደ ውጪው ቅርፊት ይጓዛል፤ በጉዞው ላይ ከፊቱና ከኋላው ክር ይዘረጋል፤ ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ዋና ዴንድራይት፣ የኋለኛው አክሶን ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የማይክል ኤለርስ ቡድን ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ የሚባል፣ ከሕዋሱ ውጪ የሚመጣ የእድገት መልእክተኛ፣ ተቀባዩን አልፎ ፓር 6ን እንደሚለውጥና አክሶን እንዲወጣ እንደሚረዳ አሳየ። በ2014 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናትም ቀድመው የተዘረጉ የሌሎች ሕዋሳት አክሶኖች አዲሱ ሕዋስ ሲነካቸው የአክሶኑን መውጫ እንደሚጠቁሙት አስረዳ። ቀደም ያለው መንገድ ኋላ ለሚመጣው መንገድ ያሳያል ማለት ነው። እንግዲህ የዋልታዊነት ጂን የውጪውን ጥቆማ ተቀብሎ የሚያጎላ፣ ትንሹን ልዩነት ትልቅ የሚያደርግ መሣሪያ ሆኖ ይታያል። የመስታወቱን ሙከራ ለዚህ መናቅ አይገባም፤ ያ ሙከራ ሕዋሱ ያለ ጥቆማም ቢሆን ልዩነት የመፍጠር ችሎታ እንዳለው አሳይቷል። ስሕተቱ የመስታወቱን ታሪክ የአንጎል ታሪክ አድርጎ ማስተማር ነው።

ይህ ሁሉ ለመምህሩ ምን ያገባዋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የሥርዓተ ትምህርቱ ክፍለ ጊዜ የተጣበበ ነው፤ የጂን ስም መጨመር ለተማሪው ሌላ ሸክም ነው። ይህ ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ የፓር 3ን ወይም የኤል.ኬ.ቢ. 1ን ስም ማሸምደድ የድሮውን ስሕተት በአዲስ ቃል መድገም ነው። ነገር ግን የሚያሳስበው ነገር ከሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ይሰፋል። «ጂን ያዝዛል፣ ሕዋስ ይፈጽማል» እየተባለ የተማረ ወጣት ነገ መምህር ሲሆን፣ ትምህርት የከበደውን ልጅ ተመልክቶ «ይህ ከተፈጥሮው ነው» ለማለት ይፈጥናል። ያ ዐረፍተ ነገር ብዙ ልጆችን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀርቷል። የዋልታዊነት ምርምር ስለ ልጆች የመማር ችሎታ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ ይናገራል ብሎ በተቃራኒው አቅጣጫ መለጠጥም ያው ስሕተት ነው። የሚሰጠው ነገር ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ጠቃሚ ነው፤ በአንዲት ሕዋስ ደረጃ እንኳ ጂን መኖሩና ውጤት መወሰኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሚታይ ምሳሌ ያስረዳል።

ለዚህ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአንድ ሥዕል ፋንታ አምስት ትንንሽ ሥዕሎች በሰሌዳው ላይ በተከታታይ ቢሣሉ የዶቲና የባንከር ታሪክ በሙሉ ይነገራል። በሦስተኛው ሥዕል ላይ መምህሩ ረጅሙን ክር በዳስተር አጥፍቶ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቢታገሥም፣ ክፍሉ ይከራከራል። አንዳንዱ ያው ክር ተመልሶ ያድጋል ይላል፤ ሌላው ሕዋሱ ይሞታል ይላል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ውጤት አይረሳም። ጭቃና ክር ያለበት ትምህርት ቤትም ይህንኑ በእጅ ሊሠራው ይችላል።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ቢሆኑ ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደሉም። ዕጩ መምህሩ ሥዕሉን አስተካክሎ መሣሉ ይመዘናል፤ ሥዕሉ ምን እንደ ደበቀ መጠየቁ ግን ሲመዘን አይታይም። ፈተና አውጪዎች በበኩላቸው ቀስት የተሰካበትን ክፍል ስም ማስጻፍ ለማረም እንደሚቀል ያውቃሉ፤ ስለዚህም ይህንኑ ይመርጣሉ። ለእርማት ያን ያህል የማይከብድ ሌላ ጥያቄ ማውጣት ግን ይቻላል። የአንድ ሕዋስ አምስት ቡቃያዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ጂኖች ተሸክመው ሳለ ከእነርሱ አንዱ ብቻ አክሶን ሆነ፤ ያም ከሥሩ ሲቆረጥ ሌላው ተተካ። አክሶኑን የወሰነው ጂኑ ብቻ ነው የሚለውን አባባል ከዚህ ተነሥተህ በሦስት መስመር ደግፍ ወይም ተቃወም።